ኮሎምበስ ያለው የካርቱን ቤተ መጻሕፍት፦ ገብታችሁ እንድትጠቀሙበት

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የምትኖሩ ወይም በዚያ በኩል የምታልፉ ከሆነ፣ ሥዕልም የምትወዱ ከሆነ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ይባላል። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ያለው ሃይ ስትሪት ላይ፣ ከ15ኛው ጎዳና ጋር የሚገናኝበት አካባቢ፣ ሳሊቫንት ሆል በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሥራው ካርቱንና ኮሚክስ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) ብቻ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ከሱ የሚበልጥ ስብስብ በዓለም ላይ የለም ይባላል። ይህን ሁሉ ሐበሻ በያዘች ከተማ ውስጥ ስለዚህ ቤት ሲወራ አለመስማቴ ያሳዝነኛል። የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

እኔ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ የሥዕል ታሪክ እየሠራሁ ነው። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ነው የምሥለው። ሥዕል ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ቁጭ አድርጎ የሚያሳየኝ ባለሙያም አጠገቤ የለም። እዚያ ቤት ያገኘሁት ታዲያ ልክ ይህንኑ ነው። የሞቱት የድሮ ባለሙያዎች እጃቸውን እንዴት ያንቀሳቅሱ እንደነበር ወረቀታቸው ላይ ይታያል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ብዙ ሰው ቦታው የዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ለተማሪ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ለማንም ክፍት ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ቤቱ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ጋለሪው ነው። እዚያ በየጊዜው የሚቀያየር ኤግዚቢሽን ታያላችሁ፤ ለልጆችም ጥሩ ነው። ሁለተኛው የንባብ ክፍሉ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ጋለሪውን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጋለሪው ቆንጆ ነው፣ ግን የቤቱ ሀብት ያለው ከጀርባ ነው። ከ300,000 በላይ በእጅ የተሣሉ ኦሪጅናል ሥራዎች፣ ከአርባ ሺህ በላይ መጻሕፍት፣ ከዚያ የሚበልጥ ኮሚክ መጽሔት፣ ከጋዜጣ ተቆርጠው የተቀመጡ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ካርቱኖች አሉ። ይህ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አይጠብቃችሁም። ጠይቃችሁ ነው የሚመጣላችሁ።

አሠራሩ ወመዘክር ገብቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። መደርደሪያው ጋ አትገቡም። የምትፈልጉትን ካታሎጉ ላይ ፈልጋችሁ ታዝዛላችሁ፣ ባለሙያዎቹ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡላችኋል፣ እዚያው አይታችሁ ትመልሳላችሁ። ተውሶ መውሰድ የለም። ቦርሳና መጠጥ ውጭ ይቀራል። እስክሪብቶ አይፈቀድም፣ እርሳስ ብቻ። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ። ፎቶ ለራሳችሁ ጥናት ያለ ፍላሽ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያነሳችሁትን መጽሐፍ ላይ ወይም ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙው ሥራ የቅጂ መብት ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ቤተ መጻሕፍቱ አይደለም።

ሳታሳውቁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። የንባብ ክፍሉና የጋለሪው ሰዓት ይለያያል፣ በበዓልና በዩኒቨርሲቲው ዕረፍት ጊዜም ይቀያየራል። ከመሄዳችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉላቸው። ምን እንደምትፈልጉ፣ ለምን እንደምትፈልጉት፣ የትኛው ቀን እንደምትመጡ ንገሯቸው። "ኮሚክስ ማየት እፈልጋለሁ" ካላችሁ ከመቶ ሺዎቹ የትኛውን ያውጡላችሁ? እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ ለልጆች የሥዕል ታሪክ እየሠራሁ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም በብሩሽ እንዴት እንደሚሠራ ማየት እፈልጋለሁ፣ ጽሑፍ ከሥዕል ጋር እንዴት እንደሚቀመጥም። መልሱ ላይ እኔ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸውን ሠዓሊዎች ጭምር ጠቆሙኝ። እነዚህ ሰዎች የያዙትን ያውቁታል፣ ሰው ሲጠይቃቸውም ደስ ይላቸዋል። እንግሊዝኛዬ አይመጥንም ብላችሁ እንዳትቀሩ። አጭርና ግልጽ ጥያቄ ይበቃል።

ከታዘዘልኝ ውስጥ የሚልተን ካኒፍን ሥራ ላንሳ። ካኒፍ የዚሁ የኦሃዮ ልጅ ነው፣ የተማረውም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ። ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲቋቋም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) መነሻ የሆነው እሱ የሰጠው ሥዕልና ወረቀት ነው። ያኔ የነበረው ሁለት የመማሪያ ክፍል ብቻ ነበር፤ ሉሲ ካስዌል የምትባል ባለሙያ ናት ከዚያ ተነስታ እዚህ ያደረሰችው። ካኒፍ ከ1934 ጀምሮ በየቀኑ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የጀብድ ታሪክ ይሥል ነበር። ጋዜጣ ላይ ስታዩት አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን ቀጭን መስመር ናት። ኦሪጅናሉ ግን ሰፊ ወፍራም ወረቀት ነው፣ ጠረጴዛውን ይዞታል።

ጠጋ ብዬ ሳየው ጥቁሩ አንድ ዓይነት ጥቁር አይደለም። ብሩሹ ቀለም ጠግቦ ያለፈበት ቦታ ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ ሊያልቅ ሲል ያለፈበት ደግሞ ተበጣጥሶ ወረቀቱን ያሳያል። የተሣለው ሰው ኮት ላይ ያለው እጥፋት የተሠራው በዚያ በተበጣጠሰው ነው። ካኒፍ እጥፋቱን አልሣለውም፤ ብሩሹ ሲደርቅ ራሱ ሠርቶታል። ከሥሩ የእርሳስ መስመር አለ። ፊቱ መጀመሪያ ወደ ግራ ዞሮ ነበር፣ ኋላ ወደ ቀኝ ተቀይሯል። የተሳሳተው ቦታ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶ በላዩ እንደገና ተሥሏል፤ በጎን ስታዩት ነጩ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል። አንዳንዶቹ ሠዓሊዎች ንድፋቸውን በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ ነው የሚያወጡት፣ ምክንያቱም የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ያንን ሰማያዊ አያነሳውም፣ መደምሰስም አያስፈልግም። ይህ ሁሉ የታተመው ላይ የለም። የታተመውን ብቻ እያየ የሚማር ሰው እነዚህ ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ ያለ ስህተት የሚሥሉ ይመስለዋል፣ ተስፋም ይቆርጣል። ስለዚህ የምትሥሉ ሰዎች፣ ሌላው ሁሉ ይቅርና ኦሪጅናል አስወጡ።

ጽሑፉን በተመለከተ ያገኘሁት ደግሞ በቀጥታ ለአማርኛ የሚሆን ነው። በካኒፍ ሥራ ላይ ፊደሉን የሚጽፈው ፍራንክ እንግሊ የሚባል ሌላ ባለሙያ ነበር፤ ፊደል መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ማለት ነው። በእርሳስ የተሰመሩት ቀጫጭን የመስመር መምሪያዎች ኦሪጅናሎቹ ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ንግግሩን መጀመሪያ ጽፈው፣ የንግግሩን አረፋ በዙሪያው ሥለው፣ ሰዎቹን በተረፈው ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ሥዕሉ ያልቃል፣ ከዚያ ጽሑፉ በቀረው ክፍተት ይጠቀጠቃል። በአማርኛ ይህ የባሰ ችግር ያመጣል። የእኛ ግሥ አድራጊውንም ተደራጊውንም፣ አሉታውንም አንድ ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። "አላስቀመጥንላቸውም" የሚለውን ጠባብ አረፋ ውስጥ አስገቡት እስቲ! ከመሃል ካልሰበራችሁት አይገባም፣ ከሰበራችሁት ደግሞ ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ ይደናገራል። የፊደሎቻችን ስፋትም አንድ አይደለም። "ጠ" ብዙ ቦታ ይይዛል፣ "ነ" ትንሽ ይበቃዋል። እንግሊዝኛው ኮሚክ ላይ ብዙ ጊዜ በትልልቁ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ ቁመቱ እኩል ነው፤ የእኛ ፊደል ቅጥያ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ይወጣል፣ መስመርና መስመር መሃል ተጨማሪ ክፍተት ይፈልጋል። ስለዚህ አሁን ገጹን የምጀምረው ከጽሑፉ ነው። አረፋዎቼም ወደ ጎን ሰፋ ያሉ ሆነዋል። የአማርኛ ኮሚክ የምትሠሩ ሞክሩት፤ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ኦሪጅናል ባይደርሳችሁ እንኳ የድሮ የእሑድ ጋዜጣ ገጾችን አስወጡ። ዊንሰር ማኬይ የሚባል ሠዓሊ ከ1905 ጀምሮ ኒውዮርክ ሄራልድ ላይ ያወጣው ስለ አንድ የሚያልም ሕፃን የሚተርክ ሥራ አለ። በየሳምንቱ ልጁ ያልማል፣ በየሳምንቱ የመጨረሻው ሳጥን (እያንዳንዱ ሥዕል የተከበበበት ክፈፍ) ላይ ከእንቅልፉ ይነቃል። አንድ ታሪክ ብቻ የጋዜጣውን ሙሉ ገጽ ይይዛል፤ እንደ ዛሬ ጋዜጣ አይደለም፣ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትይዙት ትልቅ ገጽ ነው። የአልጋው እግሮች እየረዘሙ ሄደው ልጁን ተሸክመው ከፎቅ በላይ የሚራመዱበት አንድ ገጽ አለ። አልጋው ሲረዝም ሳጥኖቹም አብረው ቁመታቸው ይጨምራል። አሳንሰው ያተሙት መጽሐፍ ላይ ይህ አስቂኝ ነገር ብቻ ነው። በሙሉ መጠኑ ስታዩት ግን ዓይናችሁ ከልጁ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ቀለሙም ከመቶ ዓመት በኋላ አልሞተም።

እነዚህ ገጾች የተረፉበት ታሪክ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ቦታ ሲጠባቸው የድሮ ጋዜጣ ጥራዞችን በማይክሮፊልም (ገጹን አሳንሶ በሚይዝ ፊልም) አንስተው ወረቀቱን ይጥሉ ነበር። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ባለ ቀለሙ የእሑድ ኮሚክ በዚያ ጠፋ ማለት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር ቢል ብላክቢርድ የሚባል ሰው ይህን አይቶ አላስችል አለው። ለግለሰብ አንሰጥም ስላሉት በ1968 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቁሞ ጥራዞቹን መሰብሰብ ጀመረ። ቤቱ በጋዜጣ እስኪሞላ ድረስ ሰበሰበ። በ1998 ስብስቡ ወደ ኮሎምበስ ሲዛወር በስድስት ትልልቅ የጭነት ተሳቢዎች ነው የመጣው፣ 75 ቶን ያህል። አንድ ሰው ነው ይህን ያደረገው። እኛ አገር የድሮ ጋዜጣና መጽሔት በኪሎ ተሽጦ የቆሎ መጠቅለያ ሲሆን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ከነካርቱኑ። ቤታችሁ ውስጥ፣ የአባቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ የቆየ የአማርኛ መጽሔት ካለ እባካችሁ አትጣሉት።

አሁን ስለ ኢትዮጵያ። እዚያ ቤት ስለ እኛ አገር ምን አለ ብላችሁ ለመፈለግ ከሞከራችሁ "ኢትዮጵያ" የሚለውን ብቻ አትጻፉ። "አቢሲኒያ" በሚለውም ፈልጉ፣ የንጉሡንም ስም በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ። ካርቱን ብዙ ጊዜ የተመዘገበው በሠዓሊው ስምና በወጣበት ቀን እንጂ ስለምን እንደሆነ አይደለም። ስለዚህ በቀን መሄዱ ያዋጣል። ጣሊያን ድንበር የተሻገረው ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው። አዲስ አበባ የገባው ሜይ 5 ቀን 1936። ንጉሡ ጄኔቭ ላይ የተናገሩት ጁን 30 ቀን 1936። በእነዚህ ቀኖች ዙሪያ የወጡ የጋዜጣ ካርቱኖችን ስጠይቅ ነው ነገሩ የተከፈተልኝ። ሙሶሊኒ አገጩን ወደፊት አድርጎ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር አቅም እንዳጣ ሽማግሌ ሆኖ፣ በብዙ እጅ ተሥሏል። ለእኛ ያዘነው ሠዓሊ እንኳ አንዳንዱ ኢትዮጵያዊውን የሣለበት መንገድ ልብ ያደማል። ከንፈሩን አግንኖ፣ ራቁቱን ጦር አስይዞ ነው። ያዘነልህ ሰውም አንተን በትክክል ላያይህ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ ነገር የለም።

ይህን ለወላጆችም ነው የምናገረው። የድሮ ኮሚክስ ውስጥ ጥቁር ሰውና እስያዊ በጣም ተዋርዶ የተሣለበት ብዙ ነው፤ ከላይ ያደነቅኳቸው ሁለቱም ሥራዎች ውስጥ አለ። ልጅ ይዛችሁ የቆየ ነገር የምታዩ ከሆነ አስቀድማችሁ እናንተ እዩት፣ ቁጭ ብላችሁም አስረዱት። ከዚያው ዘመን ደግሞ ጥቁሮች ራሳቸው የሣሉትን ጠይቁ። ጃኪ ኦርምስ በ1937 ፒትስበርግ ኩሪየር በሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ መሣል የጀመረች ሴት ናት። የእሷ ሴቶች ለብሰው፣ ተኩለው፣ ሐሳብ ያላቸው ሆነው ነው የሚታዩት። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ይህቺን አሳዩአት።

ስለ ሁጎ ፕራት ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በአውሮፓ ከታላላቆቹ የኮሚክስ ሠዓሊዎች አንዱ ነው፣ ጣሊያናዊ። ልጅ ሆኖ በ1937 ከቤተሰቡ ጋር በወረራው ዘመን ኢትዮጵያ መጣ። አባቱ በእንግሊዞች ተማርኮ በ1942 ሞተ፤ ልጁና እናቱ ድሬዳዋ በነበረ ካምፕ ታሠሩ፣ እዚያም ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር ይባላል። በኋላ የእኛን አካባቢ ምድር በረሃውንና ሰዎቹን ደጋግሞ ሥሏል። የመጣው ከወራሪ ጋር ነው፣ ያንን አልረሳውም። ግን የአፋሩን በረሃ ብርሃን በሁለት መስመርና በባዶ ወረቀት ሲያሳይ ያየሁትን ያህል ሌላ ቦታ አላየሁም። መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛም ተተርጉመዋል፤ ጠይቋቸው።

ለሥራ የምታስቡ ደግሞ ስለ ውል አንድ ነገር ያዙ። ካኒፍ ያን ያህል የታወቀበትን ታሪክ በ1946 ጥሎት ሄደ። ገጸ ባሕርያቱ የእሱ ሳይሆኑ ሥዕሉን ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ድርጅት ንብረት ስለነበሩ ነው። በቀጣዩ ዓመት የጀመረው አዲስ ሥራ ግን በውል የራሱ ነበር። ቢል ዋተርሰን ደግሞ፣ እሱም ያደገው ኦሃዮ ነው፣ ይሥላቸው የነበሩት ልጅና ነብር በአሻንጉሊትና በቲሸርት ላይ እንዳይሸጡ ከአከፋፋዩ ጋር ዓመታት ተሟግቷል። ኦሪጅናሎቹም እዚሁ ቤት ይገኛሉ። እናንተም ለአሳታሚ ሥዕል ስትሰጡ የገጸ ባሕርይው ባለቤት ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይኑራችሁ። አዲስ አበባም ቢሆን ኮሎምበስ።

ለመሄድ፦ መኪና ማቆሚያው በክፍያ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ደግሞ አካባቢውን አለመጠጋት ይሻላል። ሃይ ስትሪት ላይ የሚሄደው ኮታ (COTA) የሚባለው የከተማው አውቶቡስ አጠገቡ ያወርዳችኋል። መኸር ላይ ከሆነ ሲኤክስሲ የሚባል የካርቱን ፌስቲቫል ከተማው ውስጥ ይደረጋል፤ ከ2015 ጀምሮ ነው ያለው፣ ቤተ መጻሕፍቱም አንዱ አዘጋጅ ነው። ሠዓሊዎቹን በአካል አግኝታችሁ ሥራችሁን ማሳየት ትችላላችሁ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በአማርኛ የተጻፈ ቢሆንም። የእኔን ያየ አንድ ሠዓሊ ቋንቋውን ሳይችል ታሪኩን ከሥዕሉ ብቻ ተከተለው፣ የት ጋ እንደጠፋበትም ነገረኝ። ያቺ ገጽ እንደገና ተሥላለች።

ኮሎምበስ ለሚርቃችሁ፣ ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። ማዲሰን በሚባለው ሕንፃ የጋዜጣና የመጽሔት ንባብ ክፍል ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ኮሚክ መጽሔት አለ። ዕድሜያችሁ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ መታወቂያ አሳይታችሁ የአንባቢ ካርድ በነፃ ታወጣላችሁ። እዚያም ቀድማችሁ ጻፉላቸው። በዚያው ካርድ ጄፈርሰን ሕንፃ ያለው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል ገብታችሁ የአማርኛ መጻሕፍት ማስወጣት ትችላላችሁ። ሁለቱ ሕንፃዎች በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ስለሚገናኙ በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ይቻላል።